አዲስ የተሞላ የሲሚንቶ ገንዳ፦ ክሎሪን እያለ ውኃው ለምን ሳይታከም ይቀራል?

መግቢያ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አዲስ የሲሚንቶ ውኃ ማጠራቀሚያ ተሠርቶ አለቀ እንበል። ልስኑ እንደ ደረቀ ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውኃና በቧንቧ የመጣ የምንጭ ውኃ ተሞላበት። የጤና ባለሙያው በመመሪያው መሠረት ክሎሪን ጨመረ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ለካ። መለኪያው በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ነፃ ቀሪ ክሎሪን አሳየው። በመዝገቡ ላይም «ውኃው ለአገልግሎት ዝግጁ ነው» ብሎ ጻፈ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ሠራተኞቹ እጃቸው እንደሚደርቅና እንደሚሰነጠቅ፣ ፊታቸውን ሲታጠቡም ዓይናቸው እንደሚለበለብ መናገር ጀመሩ። «ክሎሪኑ በዝቷል» ተባለና መጠኑ እንዲቀነስ ተደረገ።

ይህ ምሳሌ የታሰበ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ሁለት ስሕተቶች አዲስ ገንዳ በተሞላበት ቦታ ሁሉ ሊደርሱ የሚችሉ ናቸው። የመጀመሪያው ስሕተት ክሎሪን በውኃው ውስጥ መኖሩን ብቻ አይቶ ውኃው ታክሟል ብሎ መደምደም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዓይንና ቆዳን የጎዳው ክሎሪን ነው ብሎ ማሰብ ነው። የሁለቱም ምንጭ አንድ ሲሆን፣ እርሱም ከአዲሱ ሲሚንቶ ወደ ውኃው የሚገባው ኖራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆንና በምን ቅደም ተከተል ሊታረም እንደሚችል ለጤና ባለሙያዎች ማስረዳት ነው። ጉዳዩ የጤና ተቋማትን ማጠራቀሚያ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት ገንዳን፣ የመስጊድ የውዱእ ገንዳን፣ ለጥምቀት በዓል የሚሞላውን ባሕረ ጥምቀትና በሆቴል ወይም በመኖሪያ ግቢ የሚሠራውን መዋኛ ገንዳ ሁሉ ይመለከታል።

ክሎሪን በውኃ ውስጥ ምን ይሆናል?

ውኃን በክሎሪን ያለማቋረጥ ማከም እ.ኤ.አ. በ1905 በእንግሊዝ አገር በሊንከን ከተማ፣ በ1908 ደግሞ በአሜሪካ በጀርሲ ሲቲ ከተጀመረ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ «ክሎሪን» የምንለው ነገር በውኃ ውስጥ አንድ ወጥ ንጥረ ነገር አለመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዱቄቱም ሆነ ፈሳሹ ውኃ ውስጥ ሲገባ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ሃይፖክሎረስ አሲድ ሲሆን ተሕዋስያንን የሚገድለው በዋናነት እርሱ ነው። ሁለተኛው ሃይፖክሎራይት የተባለው አየን ሲሆን የመግደል ኃይሉ ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ነው። ልዩነቱ የሚመነጨው ሃይፖክሎረስ አሲድ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው የባክቴሪያን ግድግዳ በቀላሉ ዘልቆ ስለሚገባ፣ ሃይፖክሎራይት ግን አሉታዊ ሙል ስላለው ይህን ማድረግ ስለሚሳነው ነው።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው የውኃው ፒኤች ነው። ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ከነፃው ክሎሪን ወደ 75 ከመቶ የሚሆነው በሃይፖክሎረስ አሲድ መልክ ይገኛል። ፒኤች 7.5 ሲደርስ ድርሻው ወደ ግማሽ፣ 8 ሲደርስ ወደ ሩብ፣ 8.5 ሲደርስ ወደ 10 ከመቶ፣ 9 ሲደርስ ደግሞ ወደ 3 ከመቶ ይወርዳል። ፒኤች 10 ላይ የሚቀረው ከ1 ከመቶ በታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው መመሪያ ከ30 ደቂቃ ያላነሰ የንክኪ ጊዜና በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ነፃ ቀሪ ክሎሪን ሲል «ፒኤች ከ8 በታች ሲሆን» የሚል ቅድመ ሁኔታ የጨመረበት ምክንያት ይኸው ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን ቁጥሮች በቃል እንይዛለን፤ ሦስተኛውን ግን እንረሳለን።

«እንግዲያው ክሎሪኑን ጨምሮ ጉድለቱን ማካካስ አይቻልምን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ስሌቱን እንመልከት። ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ 0.5 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን የሚሰጠውን ያህል ሃይፖክሎረስ አሲድ ፒኤች 9 በሆነ ውኃ ውስጥ ለማግኘት በሊትር 12 ሚሊ ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ይህ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው የ5 ሚሊ ግራም ወሰን ከእጥፍ በላይ ነው። ፒኤች 10 እና ከዚያም በላይ በሆነ ውኃ ውስጥማ ነገሩ ከናካቴው የማይሞከር ይሆናል። ስለዚህ መታረም ያለበት ክሎሪኑ ሳይሆን ውኃው ነው።

አዲስ ሲሚንቶና ማዕድን ያነሰው የደጋ ውኃ

ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም የረጠበ ኖራ፣ በውስጡ ይፈጠራል። ገንዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ይህ ኖራ ከግድግዳውና ከወለሉ እየሟሟ ወደ ውኃው ይገባል። በኖራ የጠገበ ውኃ ፒኤች ከ12 በላይ ሊደርስ ይችላል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ያለው ውኃ እዚህ ደረጃ ላይ ባይደርስም 10 ወይም 11 መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። ገንዳው አነስተኛ ሲሆን ከውኃው መጠን አንጻር የግድግዳው ስፋት ስለሚበልጥ ችግሩ ይጠናል።

የአካባቢው ውኃ ጠባይ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦና አጎራባች ወረዳዎች የተቀመጡበት አምባ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመነጨ ባዛልት ድንጋይ ነው። ከዚህ ዓለት የሚፈልቁ የደጋ ምንጮች ብዙውን ጊዜ የሟሟ ማዕድናቸው አነስተኛ ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውኃ ደግሞ ማዕድን የለውም ለማለት ይቻላል። ማዕድን ያነሰው ውኃ ሁለት ጠባይ አለው። በመጀመሪያ፣ የፒኤች ለውጥን የሚቋቋምበት አቅም፣ በሙያው አጠራር አልካላይኒቲ የሚባለው፣ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂት ኖራ ሲገባበት ፒኤቹ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይዘላል። ሁለተኛ፣ ካልሲየም የጎደለው በመሆኑ ከልስኑ ላይ እየሟሟ ይወስዳል። በዚህም ምክንያት ውኃው ከመበላሸቱም በላይ ግድግዳው ራሱ እየተቦረቦረ ለቆሻሻና ለአልጌ መደበቂያ ይሆናል።

የደጋው ቅዝቃዜም ሊታሰብ ይገባል። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱን የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ክሎሪን የሚሠራው በዝግታ ነው። ስለሆነም ለሞቃት ውኃ የተነገረውን የ30 ደቂቃ የንክኪ ጊዜ ቢያንስ ወደ 60 ደቂቃ ማሳደግ ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር ነው።

መለኪያው የማይነግረን ነገር

ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የጤና ባለሙያው በትክክል ለክቷል፤ መለኪያውም አልዋሸውም። ነገር ግን የዲፒዲ እንክብል ነፃ ክሎሪንን ሲለካ ሃይፖክሎረስ አሲድንና ሃይፖክሎራይትን ለይቶ አያሳይም፤ ድምራቸውን ብቻ ነው የሚናገረው። እንዲያውም በእንክብሉ ውስጥ ያለው ማመጣጠኛ ንጥረ ነገር የናሙናውን ፒኤች ወደ 6.5 አካባቢ ስለሚያወርደው፣ በመለኪያው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውኃና በገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ በጠባያቸው የተለያዩ ይሆናሉ። ስለዚህ የክሎሪን ልኬት ከፒኤች ልኬት ተነጥሎ ሊነበብ አይገባውም።

የፒኤች መለኪያውም የራሱ ወጥመድ አለው። ከክሎሪን መለኪያ ጋር አብሮ የሚመጣው ፌኖል ሬድ የተባለው ቀለም የሚለካው በግምት ከ6.8 እስከ 8.2 ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ደማቅ ቀይ መልክ ይሰጣል። በመሆኑም ፒኤቹ 11 የሆነ ውኃ «8.2» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ቀለሙ በመለኪያው የመጨረሻ እርከን ላይ ከሆነ «ከ8.2 በላይ» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ትክክለኛውን ቁጥር ለማወቅም እስከ 14 የሚለካ የፒኤች ወረቀት ወይም የኤሌክትሪክ መለኪያ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ወጥመድ ክሎሪን ከመጠን በላይ ሲሆን የሚያጋጥመው ነው። በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ክሎሪን የዲፒዲን ቀለም ራሱን ሊያነጣው ስለሚችል መለኪያው «ምንም የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህን ያየ ሰው ክሎሪን በላዩ ላይ ይጨምራል። ሮዝ ቀለም ብልጭ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ናሙናውን ክሎሪን በሌለው ንጹሕ ውኃ አሥር እጥፍ አቅጥኖ እንደገና መለካትና ውጤቱን በአሥር ማባዛት ይገባል።

የአሠራር ቅደም ተከተል ለመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ

1. ማጠብና ማፍሰስ። ልስኑ በሚገባ ከጠነከረ በኋላ ግድግዳውና ወለሉ በጠንካራ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ይፈተጋል። ከዚያም ገንዳው ተሞልቶ ለጥቂት ቀናት ይቆይና ፒኤቹ ተለክቶ ይፈሳል። ፒኤቹ ከ8 በታች እስኪሆን፣ ቢያንስም ወደዚያ እስኪጠጋ፣ ይህ ይደጋገማል። ውኃ በሚያጥርበት አካባቢ ውኃ ማፍሰስ ከባድ መሆኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ የሚፈሰውን ውኃ ለግንባታ ሥራ ማዋል፣ የመጀመሪያውን ሙሌትም በክረምት ማድረግ ይመረጣል። ለመጠጥ በሚውል ውኃ ውስጥ ጥራቱ ያልታወቀ አሲድ መጨመር አይገባም።

2. ማጥራት። ድፍርስ ውኃ ክሎሪንን በከንቱ ይጨርሳል፤ ተሕዋስያንንም በጭቃው ቅንጣት ውስጥ ይደብቃል። ድፍርስነቱ ከ1 ኤን.ቲ.ዩ. በታች ቢሆን ይመረጣል፤ በአነስተኛ የገጠር ተቋማትም ከ5 መብለጥ የለበትም። ውኃውን አስቀምጦ ማስረግ፣ ማጣሪያ መጠቀም፣ እንደ አስፈላጊነቱም አሉሚኒየም ሰልፌት መጨመር የተለመዱ መንገዶች ናቸው። ይሁንና አሉሚኒየም ሰልፌት ፒኤቹ እጅግ ከፍ ባለ ውኃ ውስጥ በሚገባ ስለማይሠራ ይህም ከመጀመሪያው ደረጃ በኋላ የሚመጣ ነው።

3. ገንዳውን በከፍተኛ መጠን ማከም። ፒኤቹ ከተስተካከለ በኋላ ገንዳው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ባለው ውኃ ተሞልቶ ለ24 ሰዓት ይቆያል። ለምሳሌ ርዝመቱ 2.5፣ ስፋቱ 2፣ ጥልቀቱም 2 ሜትር የሆነ ገንዳ 10,000 ሊትር ይይዛል። ለዚህ 500 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። የምንጠቀመው 65 ከመቶ ጥንካሬ ያለው የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት ከሆነ 500ን በ0.65 በማካፈል 770 ግራም ገደማ እናገኛለን። ውኃው ከ24 ሰዓት በኋላ ከወንዝና ከእርሻ ርቆ ይፈሳል፤ ገንዳውም ይለቀለቃል።

4. የዘወትር መጠንን መፈለግ። አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ከገንዳው ውኃ ይሞላሉ። 15 ግራም ዱቄት በአንድ ሊትር ውኃ በማሟሟት አንድ ከመቶ ገደማ የሆነ ድብልቅ ይዘጋጃል። በሲሪንጅ ለመጀመሪያው 2፣ ለሁለተኛው 4፣ ለሦስተኛው 6፣ ለአራተኛው 8 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። ይህም በቅደም ተከተል በሊትር 1፣ 2፣ 3 እና 4 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ከንክኪው ጊዜ በኋላ ሁሉም ይለካሉ፤ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ያህል ቀሪ ያሳየው ጀሪካን የተሰጠው መጠን ለገንዳው ይወሰዳል። 2 ሚሊ ግራም ከሆነ ለ10,000 ሊትር የሚያስፈልገው ዱቄት 31 ግራም ገደማ ነው።

5. መመዝገብ። ቀኑ፣ ፒኤቹ፣ ድፍርስነቱ፣ የውኃው ሙቀት፣ የተጨመረው መጠንና የተገኘው ቀሪ ክሎሪን በአንድ መስመር ይጻፋሉ። የአዲስ ገንዳ ፒኤች ከተስተካከለ በኋላም መልሶ ሊወጣ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ መለካት ያስፈልጋል።

ሰዎች ለሚዋኙበትና ለሚታጠቡበት ገንዳ

መዋኛ ገንዳ ከመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ የሚለየው ሰዎች ላብ፣ ሽንትና የቆዳ ቆሻሻ ይዘው ስለሚገቡበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ መዋኛ ገንዳዎች ባወጣው መመሪያ በክሎሪን ለሚታከም ገንዳ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 እንዲሆን ይመክራል። ለሕዝብ ገንዳ ነፃ ክሎሪኑ በሊትር ቢያንስ 1 ሚሊ ግራም መሆን ይኖርበታል።

በእንደዚህ ዓይነት ገንዳ መጀመሪያ የሚስተካከለው አልካላይኒቲው ነው። በመዋኛ ገንዳ አያያዝ በካልሲየም ካርቦኔት ስሌት በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም የሆነ ልክ ተስማሚ እንደሆነ ይታሰባል። ለምግብ የሚውለው ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ለዚህ ይጠቅማል፤ ለ10,000 ሊትር ውኃ 840 ግራም ሲጨመር አልካላይኒቲውን በ50 ሚሊ ግራም ያህል ከፍ ያደርገዋል። አዲስ ሲሚንቶ ባለበት ገንዳ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሚለውጠው እጅግ ከፍ ያለውን ፒኤች ወደ 8.3 አካባቢ ያወርደዋል፤ የልስኑንም ገጽ ያጠነክረዋል። ከዚያ በታች ለማውረድ አሲድ የሚያስፈልግ በመሆኑ ሥራው ለሠለጠነ ሰው መተው አለበት።

ውኃው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀጥለው ፈተና ፀሐይ ነው። ጣሪያ በሌለው ገንዳ ውስጥ ያለው ነፃ ክሎሪን በደጋው ብርቱ ፀሐይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ስለሆነም ጧት የተገኘው ልኬት ለከሰዓት በኋላ ዋስትና አይሆንም።

ባሕረ ጥምቀት

በአገራችን ረጅም ታሪክ ይዘው በየዓመቱ አዲስ ከሚሞሉ ገንዳዎች አንዱ በጎንደር የሚገኘው የአፄ ፋሲለደስ መዋኛ ነው። ለጥምቀት በዓል ከቀሐ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ይሞላል። ወንዝ በማይገኝባቸው አጥቢያዎችም ውኃ እየተከተረ ወይም በገንዳ እየተጠራቀመ በዓሉ ይከበራል፤ ዋዜማው «ከተራ» የተባለው ውኃውን ከመከተር ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሲሚንቶ የሚሠሩ ገንዳዎች በየቦታው ይታያሉ።

የጤና ባለሙያው በዚህ ረገድ ያለው ድርሻ በአክብሮትና በጊዜ መጀመርን ይጠይቃል። ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጋር የሚደረገው ምክክር ሳምንታት ቀድሞ፣ ማጠቡና ማፍሰሱ ከከተራ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ውኃው ከተባረከ በኋላ አንዳች ነገር መጨመር ተገቢ አይሆንም። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሚነካው ገንዳ ውስጥ ቀሪ ክሎሪን ቀኑን ሙሉ ይቆያል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ለመጠጥ የሚሰጠው ውኃ ክዳንና ቧንቧ ባለው ንጹሕ ዕቃ አስቀድሞ ታክሞ እንዲዘጋጅ ማግባባት ከሁሉ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ የጸበል ሥፍራ የተከሰተው የኮሌራ ወረርሽኝ፣ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ በሚሰበሰብበት ጊዜ የውኃና የመጸዳጃ ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን አሳይቷል።

ታካሚ ሲመጣ

በአዲስ ገንዳ ከታጠበ በኋላ ዓይኑ የቀላ ወይም ቆዳው የደረቀ ሰው ሲመጣ ጥቂት ጥያቄዎች ብዙ ያስረዳሉ። ገንዳው መቼ ተሠራ? ውኃው በጣት ሲነካ እንደ ሳሙና ያሟልጫልን? እንዲህ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፍተኛ ፒኤች ነው። ዓይንን ኖራ ባልነካው ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ቀዳሚው እርዳታ ነው፤ ሕመሙ ከጠና ወይም ማየት ከተቀነሰ ታካሚውን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል። ውኃው ኃይለኛ «የክሎሪን ሽታ» ካለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸተው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ክሎራሚን ነው። ይህም ነፃ ክሎሪን እንዳነሰ እንጂ እንደበዛ አያመለክትም።

በደንብ የተመጣጠነ ክሎሪንም ሁሉን አይገድልም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን ባለበት ውኃ ውስጥ ከአሥር ቀናት በላይ ሊቆይ ይችላል። ተቅማጥ ያለበት ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ ወደ ገንዳ እንዳይገባ መከልከል በክሎሪን የማይተካ ጥንቃቄ ነው።

የሠራተኛው ደኅንነት

አሲድና ክሎሪን ፈጽሞ መቀላቀል የለባቸውም፤ በአንድ ዕቃ መቀዳትም ሆነ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን መቀመጥ አይገባቸውም። ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን የሚያቆስል መርዝ ነው። ዱቄቱ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በዱቄቱ ላይ አይፈስስም። ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረጋል። ጥልቅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ማንም ሰው ብቻውን አይግባ፤ በአፉ ላይ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ይኑር።

ማጠቃለያ

ክሎሪን የሚሠራው በተጨመረው መጠን ብቻ ሳይሆን በተጨመረበት ውኃ ጠባይ ጭምር ነው። አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ማዕድን ያነሰው የደጋ ውኃና ቅዝቃዜ ሲገናኙ መለኪያው «አለ» የሚለው ክሎሪን ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል። በመግቢያው የተጠቀሰው የጤና ባለሙያ ክሎሪኑን ከመቀነሱ በፊት አንዲት የፒኤች ወረቀት ውኃው ውስጥ ቢነክር ኖሮ የዓይኑንም የእጁንም ሕመም ምክንያት ባገኘ ነበር፤ የማዋለጃ ክፍሉም ታክሟል ተብሎ ባልታከመ ውኃ ባላገለገለ ነበር። አስቀድሞ ፒኤች፣ ቀጥሎ ጥራት፣ ከዚያም ክሎሪን፣ በመጨረሻም በቂ ጊዜ፦ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በየጤና ጣቢያው የውኃ መዝገብ ላይ ከክሎሪኑ ዓምድ ጎን አንድ የፒኤች ዓምድ ማስመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከነገ ጀምሮም ሊፈጸም የሚችል ነው።